ዓሣ ቤት ያደረ ሥር

ሃያ ሰባት ዓመት፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣
ሰማያዊ ቀለም በኪሎ ስለካ፣
ጥፍሬ ሥር የቀረው አብሮኝ ጡረታ ወጣ፤
እንዶዱን አሸንፎ ሎሚውን አስቆጣ።
ሌላ ሰማያዊ ደግሞ ደጄ ድረስ መጣ።

ፖሊ ያስተምር የነበር የብርድ አገር ሰው
ኮንትራቱ አልቆበት ዕቃውን ሲያድለው፣
አልጋው ለዘበኛ፣ ድስቱ ለጎረቤት፣
ለእኔ ሥር ደረሰኝ፣ እርጥብ ጋዜጣ ያለበሱት።

«ሆስታ ነው» አለኝ፤ «ፀሐይ አታሳየው፣
ጥላ ነው ቀለቡ፣ ውኃ አታጓድለው።
ብቻ በየዓመቱ ብርድ ያስፈልገዋል፤
ተኝቶ ካልነቃ እያነሰ ይሄዳል።»
ብርድ? ባሕር ዳር ላይ? ሳቅሁ፤ እሱም ሳቀ፤
በማግሥቱ ጧት አውሮፕላኑ ራቀ።

ሽምብጥ ነው ቤቴ፤ ማንጎ አለኝ በጓሮ፣
እኩያዬ ነው፣ ጎብጧል ዘንድሮ፤
ፍሬው ሁለት ቁና፣ ጥላው ግን አያልቅም፣
ከቀትር እስከ ማታ ብርሃን አያሳልፍም።
ደለል ከፍግ ቀይጬ ከግርጌው ቆፈርኩ፣
ዓይኑን ወደ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ቀበርኩ።

ሰኔ ላይ እንደ ቀንድ ተጠቅልሎ ሾለ፤
ሐምሌ ላይ ተፈታ፣ ሰፌድ አከለ።
አረንጓዴ አይደለም፣ ሰማያዊም አይሉት፤
ጣና ነው ጎህ ሲቀድ፣ ታንኳ ሳይነካው በፊት።

እጄ ልማድ አለው፤ ጨርቅ እንደሚፈትሽ ሰው
በአውራ ጣቴ አሸሁት።
ለቀቀ ሰማያዊው።
ለካስ ቀለም አይደለም፤ ሰም ነው የለበሰው፣
ፀሐይ የሚያቀልጠው፣ ጣት የሚጨርሰው።
ሰሙን ፋቅ፣ ወርቁን አውጣ፤ ይህ ነበር ትምህርቴ
ከየኔታ እግር ሥር፣ በልጅነቴ።
እዚህ ሰሙ ሲፋቅ ጎመን ቀረ ፊት ለፊቴ።
የአውራ ጣቴ አሻራ እስከ ጥቅምት ድረስ
ከቅጠሉ አልጠፋም፤ ይታያል እንደ ክስ።

አንጓች ጎረቤቴ ባጥር አዘንብላ
«ጎመንህ አማረ፤ መቼ ነው የሚበላ?»
«አይበላም።»
«ይሸጣል?»
«አይሸጥም።»
«ታዲያ በምን ዕዳ
ውኃ ትቀዳለህ በየቀኑ ማለዳ?»
መልስ አልነበረኝም። ሌሊት በስልክ መብራት
ቀንድ አውጣ ለቅሜ ስቆጥር፣ አርባ ስምንት፣
ያንኑ ጥያቄዋን ራሴን ጠየቅሁት።

በዓመቱ ሲወጣ መዳፍ ብቻ አከለ፤
በሦስተኛው ዓመት ማንኪያ መሰለ፣
እንቅልፍ እንዳጣ ሰው ጠወለገ፣ ከሰለ።

ጥር ላይ ነቀልኩት፣ በጆንያ ጠቅልዬ
በብስክሌት ወረድኩ ጀርባዬ ላይ አዝዬ
ወደ ቢምረው ዓሣ ቤት።
«ምንድን ነው?»
«የሚተኛ።»
«ታሟል እንዴ?»
«ብርድ አጥቶ ነው።»
ጥፍሬን አየ፣ ዝም አለ። ሳጥኑን ከፈተ፤
ቆሮሶውን ገፋ፣ አምባዛውን አነሳ፣
አስተኛው በረዶ ላይ፣ ከዓሣ ጋር፣ እንደ ዓሣ።

ስምንት ሳምንት ተኛ። ሁዳዴ ገብቶ ነበር፤
ዓሣው ሲሸጥ፣ ሲያልቅ፣ እሱ እዚያው ሲያድር።
አንድ ሌሊት ስልኬ ጮኸ፤ ቢምረው ነው፤ «መብራት ሄደ፤
ልጅህ እንዳይነቃ!»
በረዶ ፍለጋ ስንዞር ጎህ ቀደደ።

መጋቢት ሲያልቅ ተከልኩት፤ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤
የሽምብጥ ድመት ሁሉ ማንጎው ሥር ተሰልፏል።
ሦስት ሌሊት ሙሉ በዱላ ጠበቅሁት፤
አራተኛውን ሌሊት አንጓች ነች የያዘችለት።

ሰኔ ላይ ሰባት ዓይን ብቅ አለ ካፈሩ፤
ነሐሴ ላይ የአንጓች ዶሮ፣ ዶፉ ሲወርድ፣
ከነጫጩቷ ተጠለለች ካንዱ ቅጠል ከሥሩ።
አንጓች እጇን ዘረጋች። «እባክሽ፣ አትንኪው፤
ሰሙ ይለቃል።»
እጇን ሰበሰበችው።
ቆማ ስታየው ቆየች፤ ወጧም አረረባት።

እኔም በርሜሉ ጋ ስታጠብ በዚያች ጧት
ጥፍሬ ሥር ያገኘሁት ጥቁር አፈር ብቻ ነው፤
ያን እንዶድ ያልቻለው፣ ሎሚ የተቆጣው፣
መቼ እንደለቀቀ
እንጃ። አላየሁትም።